ማመን ሞኝነት ነውን? ገንዘብ በስልክ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ስለ መተማመንና ስለ ጥንቃቄ



በቁምስናችን የምናውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ባለፈው ዓመት በአንድ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ ቡና አቅርበው ሳለ ስልካቸው ጠራ። ደዋዩ ወጣት ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ፥ አነጋገሩም በአክብሮት የተሞላ ነበር። «እማማ፥ እንደምን አደሩ?» ብሎ ጀመረና ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ። ከሚገለገሉበት ባንክ እንደሚደውል፥ ሒሳባቸውም መረጃው ስላልታደሰ በዚያው ቀን ሊዘጋ መሆኑን ነገራቸው። እንዳይዘጋባቸው ግን አሁን በስልካቸው በመልእክት የሚደርሳቸውን ቁጥር ብቻ እንዲያነቡለት ጠየቃቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡለት፤ ስለ ድካሙም መርቀውት ስልኩን ዘጉ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ፥ ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት የላከችላቸው ገንዘብ ሁሉ ከሒሳባቸው ወጥቶ ነበር።

እኒህ እናት የደረሰባቸውን ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ በሆዳቸው ይዘውት ቆዩ። በመጨረሻ በተናገሩ ጊዜም ከቤተ ሰቡ ያገኙት የመጀመሪያው ቃል ማጽናኛ ሳይሆን ተግሣጽ ነበር፦ «እንዴት ለማያውቁት ሰው ቁጥር ይነግራሉ?» የእርሳቸው መልስ አጭር ነበር፦ «እኔ ምን አጠፋሁ? ሰው አመንኩ እንጂ!»

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማያውቁትን ስልክ ማንሣት ተዉ። አንድ ምሽት የጎረቤት ልጅ እናቷ በድንገት ታማባት መኪና ለመጥራት ስልካቸውን እንዲያውሷት ብትለምናቸው፥ ልጅቱን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሆነው ሳሉ፥ «ስልኬን ለሰው አልሰጥም» ብለው በሩን ዘጉባት። ልጅቱ ከሌላ ቤት ረዳት አገኘች፤ እናቲቱም ተረፈች። እኒያ እናት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ገንዘቡ ካዘኑት ይልቅ ስለዚያች ምሽት ያዘኑት ይበልጣል።

እንግዲህ ያ ደዋይ የወሰደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በእርሳቸውና በጎረቤቶቻቸው መካከል ለሰባ ዓመት የቆየው መተማመን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰውን ማመን ሞኝነት ነውን? የተታለለ ሰው በደለኛ ነውን? ከእንግዲህስ ሳንታለል፥ ደግሞም ልባችንን በባልንጀራችን ላይ ሳንዘጋ ለመኖር እንዴት እንችላለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባንክ ማለት ለአብዛኞቻችን ቤት ማለት ነበር። ደብተራችንን ይዘን እንሰለፋለን፤ ገንዘብ ከፋዩን ፊት ለፊት እናየዋለን፤ እርሱም መታወቂያችንን አይቶ ፊርማችንን ያመሳክራል። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፥ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀመሩ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት አስፋፍተዋል። ይህ በራሱ በጎ ነገር ነው። ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመላክ ግማሽ ቀን በእግር ይሄድ የነበረ ገበሬ አሁን ከደጃፉ ሳይርቅ ይልካል፤ በጉልት የምትሸጥ እናትም የዕለት ገቢዋን በመቀነቷ ቋጥራ በጨለማ መንገድ መሄድ አይገባትም። ስለዚህ አዲሱን መሣሪያ ለመኮነን አንነሣም።

ነገር ግን በዚህ ለውጥ አንድ ነገር ቀርቶብናል፤ እርሱም ፊት ነው። ቀድሞ ሰውን በፊቱ፥ በአገሩ፥ በወገኑ እናውቀው ነበር። ዛሬ የሚደርሰን ድምፅ፥ ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ነው። ድምፅም እንኳ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመስሎ ሊቀርብ የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የልጅን ድምፅ መስሎ «እማዬ፥ ታስሬአለሁ፤ ገንዘብ ላኪልኝ» ማለት የሚቻል ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ ዓይናችን ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ ልማዳችን ሊሠራው ያስፈልጋል።

የአታላዮቹን ዘዴ ቀረብ ብለን ብንመለከተው የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። ብዙ ጊዜ የሚያጠምዱን በክፋታችን አይደለም፤ በደግነታችን ነው።

«ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚለው ለሥራ ኃላፊ ባለን አክብሮት ይጠቀማል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ሒሳባችንን በሌላ ስልክ ላይ ሊከፍት ሲሞክር፥ ባንኩ ባለቤቱ እኛው መሆናችንን ለማረጋገጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የምስጢር ቁጥር በስልካችን ይልክልናል። አታላዩ ስማችንንና የስልክ ቁጥራችንን ከየትም አግኝቶ ይሆናል፤ የሚጎድለው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ደውሎ ይለምነናል። ቁጥሩን ስንነግረው የቤታችንን ቁልፍ በእጁ ማስያዛችን ነው።

«በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ደግሞ በሐቀኝነታችን ይጠቀማል። ቀድሞ የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይልካል፤ ጽሑፉ ግን ከግለሰብ ስልክ የተላከ ነው፤ በሒሳባችንም አንዳች የገባ ገንዘብ የለም። የሰው ገንዘብ በእጁ እንዳይቀር የሚፈራ ሰው የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ይልክለታል። የወዳጃችንን የቴሌግራም ሒሳብ ሰብሮ ገብቶ በስሙ «ሆስፒታል ነኝ፤ ዛሬ አበድረኝ፥ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ የሚጽፈው በርኅራኄያችን ይጠቀማል። ለባለሱቁ ገንዘብ የተላለፈ የሚያስመስል ምስል በስልኩ አሳይቶ ዕቃውን ጭኖ የሚሄደው ደንበኛን ላለማስቀየም ባለን ይሉኝታ ይጠቀማል። «ዕጣ ደርሶዎታል፤ ሽልማቱን ለመውሰድ ግን አስቀድመው ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚለውና «ጥቂት ብር ያስገቡ፥ በየቀኑ ይባዛል» የሚለው ደግሞ በድህነታችንና በተስፋችን ይጠቀማሉ። በዚህ በመጨረሻው ዘዴ መጀመሪያ የሚከፈለን ትንሽ ትርፍ ከእኛ በኋላ ከገቡት ሰዎች የተወሰደ ነው፤ የሚገባ ሰው ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

እንግዲህ አክብሮት፥ ሐቀኝነት፥ ርኅራኄ፥ ይሉኝታና ተስፋ የአንድ ማኅበረ ሰብ ምሰሶዎች ናቸው። አታላይ የሚያፈርሰው እነዚህኑ ነው። ኪስ ያወለቀ ሌባ ገንዘብ ይሰርቃል፤ በልመና ስም ያታለለ ሌባ ግን ነገ በእውነት የሚለምነውን ድኻ ደጅ ይዘጋበታል። በዚህ ምክንያት ማታለል ከብዙ ስርቆት የከፋ በደል ሆኖ እናገኘዋለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሕዝባችን መካከል ሁለት መልሶች ሲነገሩ እንሰማለን።

የመጀመሪያው «ከእንግዲህ ማንንም አትመን» የሚል ነው። «ጠርጥር፥ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት የሕይወት ሕግ ያደርጉታል። ይህ መልስ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሊኖሩት የማይቻል ነው። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ ማመን ጠቃሚነት በጻፈው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ወላጆቻችን ወላጆቻችን መሆናቸውን እንኳ ያወቅነው ሌሎች የነገሩንን አምነን ነው፤ በዓይናችን ያላየነውን ሁሉ አናምንም ብንል ልጅ አባቱን ሊያከብር አይችልም፥ የሰዎች አንድነትም ሊቆም አይችልም። እኒያ እናት በጎረቤታቸው ልጅ ላይ በሩን ሲዘጉ የኖሩት በዚህ መልስ ነበር፤ ፍሬውንም አየነው።

ሁለተኛው መልስ «እኔ የዋህ ነኝ፤ ለሚያታልለኝ እግዚአብሔር ይፍረደው» ብሎ እንደ ቀድሞው መቀጠል ነው። ይህም የበጎነት መልክ አለው። ነገር ግን በእጃችን ያለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የእኛ ብቻ አይደለም። በበረሃ አገር በሰው ቤት እየሠራች የላከችው የልጅ ላብ ነው፤ የዕድር ገንዘብ ነው፤ የቁምስና ሒሳብ ነው፤ የልጆች የትምህርት ክፍያ ነው። የሌላውን አደራ ይዞ ቸልተኛ መሆን የዋህነት ሊባል አይገባውም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ ያሳየን በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ነው። እርሱ ስለ ፍርድ ሲያስተምር፥ ስለ ሰው መፍረድና ስለ ነገር መፍረድ የተለያዩ መሆናቸውን ይነግረናል። ስለ ሰው ስንፈርድ፥ ጉዳዩ አጠራጣሪ እስከ ሆነ ድረስ፥ ወደ በጎ ማዘንበል ይገባናል። በዚህም ደጋግመን ብንሳሳት ይሻላል፤ ክፉውን ደግ ነው ብሎ ያሰበ ማንንም አልበደለም፥ ደጉን ክፉ ነው ብሎ የጠረጠረ ግን በድሎታል። ስለ ነገር ስንፈርድ ግን ነገሩን እንዳለ መመርመር እንጂ ወደ በጎ ማዘንበል አይገባንም። ደግሞም ጉዳትን ለመከላከል መድኃኒት ስናዘጋጅ፥ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ መሆኑን ያክልበታል፤ ይህም በማንም ላይ መፍረድ አይደለም።

ይህ ትምህርት ለእኛ ጉዳይ ብርሃን ይሰጠናል። የምስጢር ቁጥር ነገር ነው። የመጣ መልእክት ነገር ነው። በስልክ የታየ የክፍያ ምስልም ነገር ነው። ስለ እነዚህ «እውነት ነውን?» ብሎ መጠየቅ በማንም ሰው ክብር ላይ መነሣት አይደለም። ገንዘብ ከፋዩ መታወቂያችንን ሲጠይቀን ሌባ ብሎ አልሰደበንም፤ እኛም አልተቀየምነውም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት በአንድ ተረት አስቀምጠውልናል፦ «ከብትህን በጊዜ ሰብስብ፤ ጎረቤትህን ሌባ አትበል።» ከብቱን ወደ በረቱ አስገብቶ የዘጋ ሰው በጎረቤቱ ላይ አልፈረደም። እንዲያውም ጎረቤቱን ከመጠርጠር ራሱን አድኗል፤ ከብቱን በሜዳ ትቶ ያደረ ግን ጠዋት በጠፋበት ጊዜ የመንደሩን ሰው ሁሉ ይጠረጥራል።

በርግጥ ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ማድረጉ ግን ይከብዳል። «እማማ» ብሎ በአክብሮት የሚናገርን ድምፅ እምቢ ማለት፥ በባህላችን፥ እንግዳ ሲመጣ በር እንደ መዝጋት ያለ ነው። ነገር ግን በጨዋ ቃል እምቢ ማለት ይቻላል፦ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔው ራሴ ባንኩ ድረስ ሄጄ እጨርሰዋለሁ።» እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ በዚህ ቃል ከቶ አይቀየምም። አታላይ ግን ይቸኩላል፤ «አሁኑኑ ካልሆነ ይዘጋል» ይላል፤ ወይም ይቆጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ሰውን ማስቸኮል የዚህ ወንጀል ዋና መሣሪያ ነው። ስለዚህ የሚያስቸኩለን ሁሉ ዝግ እንድንል ምልክት ይሁነን።

ከዚህ በመነሣት በየቤታችንና በየማኅበራችን ልናጠናቸው የሚገቡን ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ የምስጢር ቁጥራችንንና በመልእክት የሚደርሰንን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አንነግርም፤ ባንክም፥ ቴሌም፥ ፖሊስም ነኝ ቢል። ከእነዚህ አንዱም ቁጥሩን በስልክ ሊጠይቀን አይገባም።

ሁለተኛ፥ ከባንክ ነኝ ያለን ሁሉ ስልኩን በትሕትና ዘግተን፥ እርሱ በሰጠን ቁጥር ሳይሆን እኛ ራሳችን በምናውቀው ቁጥር እንደውላለን። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951፥ የቴሌብር ደግሞ 127 ነው።

ሦስተኛ፥ ገንዘብ ገባ ሲባል መልእክቱን ወይም ሰው ያሳየንን ምስል አምነን ዕቃ አንሰጥም፥ ገንዘብም አንመልስም፤ የራሳችንን ሒሳብ ከፍተን ቀሪውን እናያለን። በእውነት በስህተት የገባ ቢሆን እንኳ፥ የሚመለሰው በባንኩ በኩል ቢሆን ለሁላችንም መልካም ነው።

አራተኛ፥ ዘመድ ወይም ወዳጅ በጽሑፍም ሆነ በድምፅ ድንገተኛ ገንዘብ ሲጠይቀን፥ በቀድሞ ቁጥሩ ደውለን ራሱን እናነጋግረዋለን። በቤተ ሰብ መካከል ሌላ የማያውቀው አንድ የመለያ ቃል መስማማትም ይጠቅማል።

አምስተኛ፥ በመልእክት የተላከልንን ማስፈንጠሪያ ነክተን የባንክ ፕሮግራም በስልካችን ላይ አንጭንም። ስልካችንም ያለ ምክንያት በድንገት አገልግሎቱ ቢቋረጥ፥ ሌላ ሰው በስማችን ሲም ካርድ አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል ፈጥነን እንጠይቃለን።

ስድስተኛ፥ ከተታለልን ደቂቃ ሳናጠፋ ለባንኩ ደውለን ሒሳቡን እናሳግዳለን፤ ለፖሊስም እናመለክታለን። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀልን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በወንጀል ያስቀጣል። ገንዘቡ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላው እየተላለፈ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚወጣ፥ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አላቸው።

ይህ የመጨረሻው ምክር ወደ ኀፍረት ጉዳይ ይመልሰናል። እኒያ እናት ሦስት ሳምንት ዝም ባይሉ ኖሮ ምናልባት ከገንዘቡ የሚተርፍ ይኖር ነበር። ዝም ያሰኛቸው ግን እኛ ነን። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እያልን በተታለለው ላይ መሳቅ ልማዳችን ሆኗል። በዚህ ሳቅ ሞፈሩን የቆረጠው ሰው ይረሳና ጥፋቱ ሁሉ በባለ ደጃፉ ላይ ይቀራል። ፍትሕ ግን ቅደም ተከተል አላት። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ሌባው ነው። ቀጥለውም አገልግሎቱን የሚሰጡት ድርጅቶች፥ ሽማግሌውና ያልተማረው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ የማስጠንቀቅና ጥቆማ ሲደርሳቸው ፈጥነው የማገድ ግዴታ አለባቸው። የእኛ የተገልጋዮች ጥንቃቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አስፈላጊ ቢሆንም የሌላውን በደል ወደ እኛ አያዛውርም። ስለዚህ ለእኒያ እናት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ሰውን በማመንዎ አላጠፉም፤ የጎደለው ነገሩን መመርመር ነበር፥ እርሱንም አስቀድመን ልናስተምርዎ የሚገባን እኛ ነበርን።

ደግሞም ስለ ሌቦች ስንናገር ራሳችንን ከውጭ ማቆም አይገባንም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት፥ ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ካላቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ከእነርሱም መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ገልጾ፥ በኋላም አብዛኛው ገንዘብ መመለሱን አስታውቋል። በዚያች ሌሊት ገንዘብ ካወጡት ብዙዎቹ የጎረቤታቸውን ኪስ የሚዳብሱ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ፊት ለፊት የሚያዩት ባለቤት ስላልነበረ፥ ማሽኑም ስለሰጣቸው፥ የሰረቁ አልመሰላቸውም። ለእኒያ እናት የደወለው ወጣትም መነጽራቸውን፥ የቡናውን ረከቦትና የመድኃኒቱን ማዘዣ ቢያይ ኖሮ ምናልባት አፉ ይታሰር ነበር። ፊት ሲጠፋ ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ኅሊናም ይዝላል። ስለዚህ ልጆቻችንን ስናስተምር «አትታለሉ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ አንድ ሰው እንዳለም ማስተማር ይገባናል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምናቀርበው ልመና ቀላል ነው። ከትምህርት በኋላ ሩብ ሰዓት ብትሰጡት ይበቃል። ወጣቶቹ ለአረጋውያኑ እውነተኛውን መልእክት ከሐሰተኛው እንዴት እንደሚለዩ ያሳዩ፤ እንዴት በጨዋ ቃል እምቢ እንደሚባልም አብረው ይለማመዱ። ከሁሉም በላይ የተታለለ ሰው ያለ ኀፍረት የሚናገርበት ቦታ ይኑር።

በቅርቡ በቁምስናችን የእናቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ እኒያ እናት ራሳቸው ተነሥተው የደረሰባቸውን ሁሉ ተናገሩ። ሲጨርሱ ቤቱ ጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያም ከኋላ አንዲት እናት «እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል» አሉ፤ ቀጥሎም ሌላዪቱ። ሁለቱም እስከዚያች ቀን ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር። ስብሰባው ካለቀ በኋላ እኒያ እናት በሩን ወደ ዘጉባት ልጅ ቤት ሄዱ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ዛሬ ስልካቸው ሲጠራ ያነሣሉ። «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውንም ቃል በሚገባ ተለማምደውታል።